የእድራችን ፒክአፕ መሪ ከመለወጡ በፊት ይታሰብበት



ባለፈው ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ስለ አሮጌዋ ፒክአፓችን ብዙ ተባለ። ማርሿ አልገባም እያለ መንገድ ላይ ስለምታስቀረን መሪዋ ከነዘንጉ ይውጣ፣ በምትኩ ከሶማሌ ተራ ያገለገለ ተገዝቶ ይግባ፣ ማርሹም ከመሪው ላይ ወርዶ እንደ ዛሬዎቹ መኪኖች ወለል ላይ ይተከል የሚል ሐሳብ ቀርቦ በጭብጨባ አለፈ። የቀረው ገንዘቡን መፍቀድ ብቻ ነው። እኔ በዕለቱ ሰዓቱ ስለ መሸ ሳልናገር ወጣሁ። ነገር ግን ገንዘቡ የሁላችን ነው፤ መኪናዋ የምትወርድበትም ቁልቁለት ልጆቻችን የሚጫወቱበት ነው። ስለሆነም ዝም ማለቱ ተገቢ ሆኖ አላገኘሁትም።

በመሠረቱ ማርሽ መሪ ላይ የተደረገው ለጌጥ አይደለም። ወለሉ ነጻ ሆኖ በአንድ ወጥ ወንበር ላይ ሦስት ሰው እንዲቀመጥ ነው። የመጀመሪያው ቶዮታ ሃይሉክስ በ1968 እ.ኤ.አ. ሲወጣ 4ቱም ማርሾች የሚገቡት ከመሪው ሥር ባለው ማንሻ ነበር። ፔዦ 404ም እንዲሁ ነበር። የእኛይቱም የዚያው ዘመን ልጅ ናት። ታዲያ ያ ሦስተኛ ቦታ ለእኛ ምን እንደሆነ የደረሰበት ያውቃል። ድንኳኑና አግዳሚው ከኋላ ተጭኖ፣ ፊት ሹፌሩ፣ ሐዘንተኛዋና ደግፋ የያዘቻት እህቷ ይቀመጣሉ። ሌሊት ምጥ የያዛት ሴት ወደ ሐኪም ስትወሰድም እንደዚሁ ነው። ማርሹ ወለል ላይ ከተተከለ መካከል የሚቀመጠው ሰው እግሩን ወዴት ያደርጋል?

«ወጣቶቹ የመሪ ላይ ማርሽ አያውቁም» ተብሏል። እውነት ነው፣ አያውቁም። ግን እኮ በግማሽ ቀን የሚለመድ ነገር ነው! እኔ ራሴ አሠለጥናለሁ። ወለሉን ለመቁረጥና ካምቢዮውን ወይም የላይ ክዳኑን ለመለወጥ የሚወጣው ወጪ ግን በስብሰባው ላይ አንድም ጊዜ አልተነሳም።

ሁለተኛው ጥያቄዬ፣ በሽታው በእርግጥ የመሪው ነወይ? የሚል ነው። በሽታው ሳይታወቅ መድኃኒት አይታዘዝም። ማንሻውን ስናንቀሳቅስ ከመሪው ዘንግ ጋር ያለው ቱቦ ይንቀሳቀሳል። በቱቦው ግርጌ፣ ኮፈኑ ሲከፈት የሚታዩ ሁለት አጫጭር ክንዶች አሉ፤ አንደኛው መስመሩን ይመርጣል፣ ሌላኛው ማርሹን ያስገባል። ከእነርሱ ወደ ካምቢዮው በሚወርዱት ዘንጎች መጋጠሚያ ላይ ደግሞ ቦኮላዎች አሉ። ቦኮላ ሲበላ ትንሽ ክፍተት ይፈጠራል። ይህች ትንሽ ክፍተት ከየመጋጠሚያው ስትደማመር፣ ሹፌሩ ማንሻውን እስከ መጨረሻው ገፍቶት ሳለ ማርሹ ግማሽ መንገድ ላይ ይቀራል። አልገባም የሚለውም፣ ሁለት ማርሽ መካከል የሚቀረቀረውም ብዙውን ጊዜ በዚህ ነው።

ይህን ለማየት መሪ ማውረድ አያስፈልግም። ሞተሩ ጠፍቶ፣ ጎማው ታኮ ተደርጎለት፣ አንድ ሰው ማንሻውን ያንቀሳቅስ፤ ሌላው ኮፈን ከፍቶ ክንዶቹንና ዘንጎቹን ይመልከት። ማንሻው ሄዶ ዘንጉ ከዘገየ ቦኮላው ይለወጥ፣ የዘንጎቹም ርዝመት ይስተካከል። ዘንጎቹ ሙሉ በሙሉ እየሄዱ ማርሹ ከተንጫጫ ደግሞ ጥፋቱ የፍሪሲዮን ወይም የካምቢዮ ነው፤ አዲስ መሪ ቢገባም ያው ነው፣ አይድንም።

ይህን ሁሉ የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። በ2009 ዓ.ም. የራሴን አሮጌ ፒክአፕ መሪ አንድ ጋራዥ ለውጦልኝ ነበር። የገዛሁት መሪ ዘንጉ አጠረና፣ ሠራተኛው ቆርጦ ከሌላ ዘንግ ጋር በየደው። «አባባ፣ ከድሮው ይበልጣል» አለኝ፤ እኔም አመንኩት። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው፣ ወር ሳይሞላው ቁልቁለት ስወርድ መሪው በእጄ ላይ ባዶውን ዞረ፤ ጎማዎቹ ግን ቀጥ ብለው ሄዱ። ፍጥነቴ ትንሽ ስለ ነበረ ፍሬኑን ረግጬ ከአንድ አጥር ሥር ቆምኩ። ሰዓቱ ተማሪዎች ከትምህርት ቤት የሚወጡበት ነበር። ከዚያ ወዲህ የተበየደ የመሪ ዘንግ ስሰማ እንቅልፍ አይወስደኝም።

እርግጥ ነው፣ መሪ መለወጥ ሁሉ መጥፎ ነው አልልም። የዱሮው የመሪ ዘንግ አንድ ወጥ ብረት ስለ ነበረ፣ መኪና በፊት ለፊት ሲጋጭ የሹፌሩን ደረት ይወጋ ነበር። በግጭት ጊዜ ወደ ውስጥ የሚሰበሰብ መሪ በአሜሪካ በሕግ ግዴታ የሆነው ለአውቶሞቢሎች ከ1968 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሲሆን፣ ለቀላል የጭነት መኪኖች ግን ከ1981 እ.ኤ.አ. ወዲህ ነው። ስለዚህ የሚስማማ የኋለኛ ዘመን መሪ ከተገኘ መሻሻል ሊሆን ይችላል። ነገር ግን እንዲህ ያለውን መሪ ብየዳ ከነካው መሰብሰቡ ይቀርና ጥቅሙ ይጠፋል።

ስለሆነም ገንዘቡ ከመፈቀዱ በፊት የሚከተለው እንዲደረግ አሳስባለሁ፦

1ኛ. በመጀመሪያ ቦኮላው፣ ዘንጎቹና ፍሪሲዮኑ ይመርመሩ።

2ኛ. መሪው የግድ የሚለወጥ ከሆነ ከአንድ ዓይነት ሞዴል የወጣ ይሁን። መሪያቸው በቀኝ ከሆነ መኪኖች የወጣ አይገዛ፤ የማርሽ ማንሻው በተቃራኒው ጎን ስለሚሆን ዘንጎቹ አይገጥሙም።

3ኛ. የዘንጉ ርዝመትና የጥርሱ ቁጥር ከአሮጌው ጋር ጎን ለጎን ሳይታይ ገንዘብ አይከፈል። የሚቆረጥም የሚበየድም ነገር አይኑር።

4ኛ. የሚገባው መሪ በቁልፍ የሚቆለፍ ዓይነት ከሆነ፣ መኪናው እየሄደ ቁልፉን ማጥፋት መሪውን ሊቆልፈው እንደሚችል ለሹፌሮቹ ሁሉ ይነገር።

5ኛ. ሥራው ካለቀ በኋላ መኪናዋ ሰው ሳትጭን በሜዳ ላይ ትፈተን፤ የመሪው ቡሎኖችም ከጥቂት ቀን በኋላ እንደገና ይታዩ።

ቦሎ ተለጥፏልና ደህና ናት የምትሉም አትጠፉም። ቦሎው ግን ምርመራ በተደረገበት ቀን ስለ ነበረው ነገር ነው የሚመሰክረው፤ ከዚያ በኋላ ለሚበየደው አይመሰክርም።

ይህ የግል አስተያየቴ ነው። ተሳስቼ ከሆነ የሚያርመኝ ባለሙያ ቢገኝ ደስ ይለኛል፤ እዚሁ ሰሌዳ ላይ ይጻፍልኝ። እስከዚያው ግን እጃችንን ለድምፅ ከማውጣታችን በፊት፣ ኮፈኑን ከፍተን እንይ።

ከእድሩ አባላት አንዱ