ለእያንዳንዱ ተማሪ የራሱ ቁልፍ ይኑረው

ዛሬ የማነሣው ጉዳይ ስለ ኮምፒዩተር ክፍላችን ነው። ነገሩ የባለሙያ ጉዳይ ብቻ የሚመስላችሁ ካላችሁ እባካችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ። የልጆቻችሁ የድካም ፍሬ አለበትና።

ባለፈው ተርም አንዲት የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ለነጻ የትምህርት ዕድል የሚላክ ማመልከቻ ስትጽፍ አመሸች። ሊያልቅ ጥቂት መስመር ሲቀረው የፀሐይ ኃይሉ ባትሪ ደከመና ኮምፒዩተሩ ጠፋ። በማግስቱ ተራው የደረሰው ልጅ ሲገባ የማን እንደሆነ የማያውቀው ጽሑፍ ተከፍቶ ጠበቀው። «ይቀመጥ ወይ?» ተብሎ ሲጠየቅ «አይቀመጥ» ብሎ ዘጋው። ልጅቷ ስትመጣ ማመልከቻው የለም።

ጥፋተኛው ልጁ አይደለም፤ እኔ ነኝ። ለሃያ ተማሪ አንድ የመግቢያ ስምና አንድ የይለፍ ቃል አውጥቼ፣ በጠመኔ ሰሌዳው ላይ የጻፍሁት እኔ ነኝ። «ልጆች ናቸው፤ ይረሱታል» ብዬ ነበር።

ለምን ጥፋት እንደሆነ ላስረዳ። እዚህ ያሉት አሮጌ ኮምፒዩተሮች መስኮት ብቻ ናቸው። ሥራው የሚሠራው ከእኛ ርቆ ባለ ትልቅ ማሽን፣ ማለትም በሰርቨር ላይ ነው። ያ ሰርቨር በፕሮግራም ተከፋፍሎ ብዙ ኮምፒዩተር እንደሆነ ያህል ይሠራል። ቨርቹዋል ማሽን የምንለው ይኸው ነው። አንድ ሰፊ አዳራሽ በግድግዳ ተከፍሎ ለየቤተሰቡ አንዳንድ ክፍል እንደሚሰጥ አስቡት። ሪሞት ዴስክቶፕ የሚባለው ፕሮግራም ደግሞ መንገዱ ነው። እናንተ የምትመቱትን ፊደልና የማውሱን እንቅስቃሴ ወደዚያ ይወስዳል፤ የዚያን ማሽን ስክሪን ሥዕል ወደ እናንተ ያመጣል።

ስለዚህ በእኛ በኩል መብራት ቢጠፋ ወይም ኔትወርክ ቢቋረጥ የተቋረጠው መንገዱ ብቻ ነው። ክፍሉና በውስጡ የተከፈተው ሥራ እዚያው እንዳለ ይቆያል። ያች ተማሪ የራሷ መግቢያ ቢኖራት ኖሮ በማግስቱ ማመልከቻዋን ካቆመችበት ቃል ላይ ታገኘው ነበር። በጋራ ስም ስለገባች ግን በሩን የከፈተው ሌላ ሰው ሆነ። እኔ ሃያ ቤተሰብ በአንድ ቁልፍ አስገብቼ ነበርና።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ1972 ቪኤም/370 የተባለውን ሲያወጣ፣ በአንድ ትልቅ ኮምፒዩተር ላይ ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ የራሱ ማሽን ያለው ያህል እንዲሆን አድርጎ ነበር። ማይክሮሶፍትም በ1998 በዊንዶውስ ኤንቲ 4.0 ተርሚናል ሰርቨር እትሙ ብዙ ሰዎች፣ እያንዳንዱ በየራሱ ስም፣ ከሩቅ እንዲገቡ አድርጓል። ማሽኑ የጋራ ነው፤ ክፍሉ ግን የግል ነው። የጋራውን ይዘን የግሉን የተውነው እኛ ነን።

ወጪ አለው የሚሉ አሉ። እውነት ነው፤ በዊንዶውስ ሰርቨር ላይ ለአስተዳደር ሥራ ከተፈቀዱት ሁለት ግንኙነቶች በላይ ለመጠቀም ተጨማሪ ፈቃድ መግዛት ያስፈልጋል። በሊኑክስ ላይ ግን ኤክስአርዲፒ የሚባል ነጻ ፕሮግራም አለ። ለመገናኛም ሬሚና የሚባል ነጻ ፕሮግራም በአሮጌ ኮምፒዩተር ላይ ይሠራል። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ በጥቅምት 2025 እ.ኤ.አ. ስላበቃ፣ አሮጌዎቹን ከመጣል ወደ ሊኑክስ ማዞር ይሻላል። የረሳ ተማሪ ቢኖር የይለፍ ቃሉን መለወጥ የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው። የጠፋ ማመልከቻ ግን ቀኑ ካለፈ አይመለስም።

ወላጆች ሆይ፤ ጉዳዩ የፈተና ብቻ አይደለም። በዚያ ማሽን ላይ ለዘመድ የሚላክ ደብዳቤ ይጻፋል፤ ከአገር ስለወጣንበት ምክንያት የሚያስረዳ ጽሑፍም ይጻፋል። እንዲህ ያለው ጽሑፍ በማያገባው ሰው ዓይን ሥር ቢወድቅ ምን እንደሚያስከትል ከእናንተ የተሰወረ አይደለም። የራስ መግቢያ ቢኖርም የሰርቨሩ ኃላፊ ሊያየው ይችላልና፣ የጉዳያችሁን ወረቀት በትምህርት ቤት ማሽን ላይ ባታስቀምጡ እመክራለሁ።

ተማሪዎች፤ እስከዚያው እነዚህን አትርሱ። መስኮቱን በኤክስ ምልክቱ መዝጋት ከክፍሉ መውጣት አይደለም። በሩን ገርበብ አድርጎ መሄድ ነው። ሥራችሁን ስትጨርሱ ከዚያው ከሩቁ ማሽን ውስጥ «ሳይን አውት» በሉ። በየጥቂት ደቂቃው ኮንትሮልና ኤስን ተጭናችሁ ጽሑፋችሁን አስቀምጡ፤ ሩቁ ማሽንም ተዘግቶ የሚከፈትበት ጊዜ አለና። በጋራ ኮምፒዩተር ላይ «የይለፍ ቃሉን አስታውስ» የሚለውን ሣጥን አትንኩ። ተከፍቶ ያገኛችሁትን የሰው ጽሑፍም ሳታስቀምጡ አትዝጉ።

እኔ ዩኒቨርሲቲውን ሦስተኛ ዓመት ላይ አቋርጬ የወጣሁ ሰው ነኝ። ስወጣ ግማሽ የደረሰ የጥናት ጽሑፌ እዚያው በአንድ ኮምፒዩተር ውስጥ ቀረ። ቦታ ስንለውጥ ብዙ ነገር ይቀራል። ከሩቅ የሚገባበት ሥራ ግን ቁልፉ በእጃችን እስካለና ማሽኑ እስከተጠበቀልን ድረስ ወደ ሌላ ካምፕ ብንዛወር እንኳ እናገኘዋለን። ለዚህም ነው ቁልፉ የየራሳችሁ መሆን ያለበት።

ሰሌዳው ላይ የነበረውን ጽሑፍ አጥፍቼዋለሁ። ቀሪው በወላጆች ስብሰባ የሚወሰን ነው። በሚቀጥለው ስብሰባ ተነሥታችሁ «ልጄ የራሱ መግቢያ አለው ወይ?» ብላችሁ ጠይቁን። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና።