የሚያዝያ 1928 ክርክር፦ ይድረስ ለአገር ቤት ወገኖቼ

እኔ በምኖርበት በለንደን ሚያዝያ 27 በመጣ ቁጥር የአበሻ ሰው በተሰበሰበበት የማይቀር ክርክር አለ። ጃንሆይ አፄ ኃይለ ሥላሴ በ1928 ዓ.ም. ሸሹ ወይስ ስለ አገር ሊሟገቱ ሄዱ? አንዱ «ንጉሥ ከሕዝቡ ጋር ይሞታል እንጂ ባቡር አይሳፈርም» ይላል። ሌላው «እዚህ ቢሞቱ ኖሮ ጄኔቭ ላይ ማን ይናገርልን ነበር?» ብሎ ይመልሳል። ድምፅ ከፍ ይላል፤ የአርበኛ ልጅ የሆነ ሰው ተቆጥቶ ይነሳል። ነገሩን ያለፈ የአባቶች ጭቅጭቅ አድርገው የሚያልፉት አሉ። እኔ ግን ዛሬም እናንተም እኛም የምንጨነቅበትን ጥያቄ አይበታለሁ፤ በጦርነት ጊዜ ሕዝቡ የሚጠላውን አቋም የያዘ መሪ ክብር ይገባዋል ወይ?

መልሴን አልደብቅም። ለአቋሙ ራሱ ዋጋ ከከፈለ፣ የተቃወመውንም ሰው ካላጠፋ ክብር ይገባዋል ብዬ አምናለሁ። ለምን እንደዚህ እንዳልኩ ከዚያው ከሚያዝያ 1928 ተነስቼ ላስረዳ።

ማይጨው ላይ ከጣሊያን ጋር የተዋጋነው መጋቢት 22 ቀን ነበር። ጦሩ ተፈትቶ በአሸንጌ ሐይቅ በኩል ሲያፈገፍግ ከአውሮፕላን ቦምብና የመርዝ ጋዝ ወረደበት። ጃንሆይ ላሊበላ ጸሎት አድርሰው አዲስ አበባ የገቡት ሚያዝያ 22 ነው። መጀመሪያ የታሰበው መንግሥቱን ወደ ጎሬ አዛውሮ ከምዕራብ ሆኖ መዋጋት ነበር። በሁለት ቀን ውስጥ ሐሳቡ ተለወጠ። መኳንንቱ ሲመክሩ አብዛኛው ንጉሡ ወደ ጄኔቭ ሄደው ለመንግሥታቱ ማኅበር አቤት እንዲሉ ደገፈ። ከተቃወሙት ጥቂት ሰዎች አንዱ ብላታ ታከለ ወልደ ሐዋርያት ነበሩ። ሚያዝያ 24 ገና ሳይነጋ ባቡሩ ወደ ጅቡቲ ተንቀሳቀሰ። ከተማዋ ተዘረፈች፣ ተቃጠለች፤ ሚያዝያ 27 ጣሊያን ገባ።

ያን ጊዜ የነበረው ሰው የተሰማውን ለመረዳት ከዚያ በፊት የነበሩትን ነገሥታት ማሰብ ይበቃል። አፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ እጃቸውን ለእንግሊዝ ከመስጠት ሞትን መረጡ። አፄ ዮሐንስ በ1881 ዓ.ም. መተማ ላይ ከጦራቸው መካከል ቆስለው ሞቱ። በእንዲህ ያለ ታሪክ ያደገ ሕዝብ ንጉሡ በሌሊት ሄዱ ሲባል ቢያለቅስ፣ ቢረግምም አልፈርድበትም። ጃንሆይ ያደረጉት በዙፋናቸው ታሪክ ያልታየ ነገር ነው፤ ይህንንም ራሳቸው ያውቁ ነበር።

ብዙዎቻችን ይህን አቋም የምንመዝነው በመጨረሻው ውጤት ነው። ይህ ሚዛን አያስኬድም። ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ጃንሆይ ጄኔቭ ላይ በአማርኛ ሲናገሩ የጣሊያን ጋዜጠኞች በፉጨት አወኳቸው። ብዙም ሳይቆይ ማኅበሩ በጣሊያን ላይ የጣለውን ማዕቀብ አነሳ። በዚያ ክረምት የንጉሡ መንገድ ባዶ ሆኖ ነበር፤ «ብለን ነበር» የሚሉት ሁሉ ትክክል መስለው ነበር። በ1933 ዓ.ም. ደግሞ ያው መንገድ አርቆ አሳቢነት ተባለ። በመካከሉ ምን ተለወጠ? ሙሶሊኒ በሰኔ 1932 ከሂትለር ጎን ቆሞ እንግሊዝንና ፈረንሳይን ወጋ፤ እንግሊዝም ኢትዮጵያን አስታወሰች። ሙሶሊኒ ዳር ቆሞ ቢመለከት ኖሮ ጃንሆይ በስደት አርጅተው ይሞቱ ይሆናል፤ እኛም ስማቸውን በንቀት እናነሳው ይሆናል። የአንድ ሰው ክብር ሮም ላይ በተቀመጠ ጠላት ውሳኔ ሊወሰን አይገባም።

ምኒልክንም አስቡ። በ1888 ዓ.ም. መቀሌ ላይ፣ እንዳ ኢየሱስ ምሽግ ውስጥ፣ ሻለቃ ጋሊያኖና ወታደሮቹ ተከበው ነበር። በእቴጌ ጣይቱ ምክር ምንጩ ተይዞባቸው በውኃ ጥም አልቀው እጅ ሊሰጡ ደረሱ። ምኒልክ ግን ከነመሣሪያቸው ወደ ወገናቸው እንዲሄዱ ፈቀዱ። ምንጩን ሲይዝ ወንድሙ የሞተበት ወታደር ይህን በምን ዓይን አይቶት ይሆን? ጋሊያኖ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ አድዋ ላይ ተሰልፎ እኛን ወጋ፤ እዚያው ሞተ። አድዋ ላይ ድል ባናደርግ ኖሮ የምኒልክ ምሕረት ዛሬ የሞኝነት ምሳሌ ሆኖ ይጠቀስ ነበር። ስለዚህ ውጤቱን ትቼ ወደ ዋጋው እሄዳለሁ።

በእንግሊዝ አገር፣ በባዝ ከተማ፣ ፌርፊልድ የሚባል ቤት አለ። ጃንሆይ ከ1928 እስከ 1932 ዓ.ም. የኖሩበት ነው፤ በኋላ ለአረጋውያን እንዲሆን ለከተማው ሰጥተውታል። ገንዘብ አጥሯቸው የብር ዕቃ እስከ መሸጥ ደርሰዋል። የውጭ ጉዳይ ሚኒስትራቸው ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1931 ዓ.ም. መግቢያ እዚያው ባዝ ውስጥ አረፉ። ቀላል ስደት አልነበረም። ቢሆንም በዚያው ዘመን አገር ውስጥ ከሆነው ጋር አብሮ መነሳት አለበት። አቡነ ጴጥሮስ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በጥይት ተገደሉ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ሕዝብ ሦስት ቀን ታረደ። በግንቦት የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ተረሸኑ። የመሄዱ ዕዳ ባመዛኙ የወደቀው በቀሩት ላይ ነው። ይህን ሳይናገር የጃንሆይን ውሳኔ የሚያወድስ ሰው ግማሹን ብቻ ነው የሚናገረው።

ከቀሩት መካከል ደጋግሜ የማስባቸው የጥቁር አንበሳ ማኅበር ወጣቶች ናቸው። ብዙዎቹ የሆለታ ጦር ትምህርት ቤት ልጆች ነበሩ፤ ከምዕራብ ተነስተው፣ ንጉሡ እንደራሴ አድርገው ከተዉአቸው ከራስ እምሩ ጋር ሆነው ተዋጉ። ለማኅበራቸው ባወጡት ደንብ ባላገሩና ምርኮኛው እንዳይበደል አዘዙ። አባል የሆነ ሰው ወደ ውጭ አገር እንዳይሰደድም ከለከሉ። በዚያው ደንብ ለንጉሠ ነገሥቱ ታማኝነታቸውን አጸኑ። ንጉሡ ያደረጉትን ለራሳቸው ነውር አድርገው ከለከሉ፤ ንጉሡን ግን አልካዱም፣ አልሰደቡም። በታኅሣሥ 1929 ጎጀብ ወንዝ አጠገብ ተከበው እጅ ሲሰጡ ራስ እምሩ ወደ ጣሊያን ደሴት ተወሰዱ፤ በኋላ ታላቅ ደራሲ የሆኑት ሐዲስ ዓለማየሁም በዚያ ዘመን ተማርከው ጣሊያን አገር ታስረዋል። የማይስማሙበትን መሪ ማክበር ምን እንደሚመስል የምትጠይቁኝ ከሆነ፣ ከእነዚህ ልጆች የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

ያለ ማመንታት የማከብረው የጃንሆይ አቋም ግን ሌላ ነው፤ እሱም ስለ መሄዳቸው ሳይሆን ስለ መመለሳቸው ነው። ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ኦሜድላ ላይ ድንበር ተሻገሩ። የእንግሊዝ ጦር አዲስ አበባን መጋቢት 28 ቢይዝም ንጉሡ ለአንድ ወር ያህል እንዲዘገዩ ተደረገ፤ እንግሊዞች የፈሩት ሕዝቡ በከተማዋ በሚገኙት ጣሊያኖች ላይ በቀሉን እንዳይወጣ ነበር። ፍርሃታቸው ከንቱ አልነበረም። አምስት ዓመት የታረደ ሕዝብ ነው። የልጁን ሬሳ ከመንገድ ያነሳ አባት ገዳዩን በጎረቤት ያየዋል። በመጨረሻ ሚያዝያ 27 ከተማዋ ሲገቡ ንጉሡ ለሕዝቡ ክፉን በክፉ እንዳይመልስ፣ ጠላት የሠራውን ግፍ እንዳይደግም ነገሩት።

ይህን ያሉት ሰው ከሐዘን የራቁ አልነበሩም። የልጃቸው የልዕልት ተናኘወርቅ ባል ራስ ደስታ ዳምጠው የካቲት 17 ቀን 1929 ዓ.ም. ተማርከው ተረሽነዋል። ሌላው አማቻቸው ደጃዝማች በየነ መርዕድ በዚያው ወር ተገድለዋል። የደጃዝማች በየነ ባለቤት፣ የንጉሡ ልጅ ልዕልት ሮማነወርቅ፣ ከልጆቿ ጋር ወደ ጣሊያን ተወስዳ በጥቅምት 1933 ቱሪን ላይ በግዞት ሞታለች። የራሱ ቤት ያልተነካ መሪ «ይቅር በሉ» ቢል ሰሚው በቁጣ ዞር ቢል እረዳዋለሁ። በዚያ ቀን ግን የተናገሩት ሁለት አማቾች የተገደሉባቸው አባት ናቸው። አርበኛው ደም በደም ሊመልስ መሣሪያ በእጁ ነበር። አልመለሰም። ክብሩን ለንጉሡ ብቻ የምንሰጥ ከሆነም እንሳሳታለን፤ ትእዛዙን የተሸከመው ከዱር የወጣው አርበኛ ነው። ምሕረቱን የተናገሩት ንጉሡ ቢሆኑም እጁን የሰበሰበው እሱ ነው።

ክብሬ እስከዚህ ድረስ ይሄዳል፤ ከዚህ በኋላ ያለውን አልከተልም። ለጣሊያን የተሰጠው ምሕረት ለባንዳውም ተሰጠ። ይህን በራሱ አልቃወምም፤ የተሸነፈ ሰው ሁሉ ይጥፋ ከተባለ አገር አይቆምም። ነገር ግን ባንዳ የነበረ ሰው ሹመት ሲያገኝ አርበኛ ደጅ የጠናበት ጊዜ መጣ፤ ያ ቁስል በብዙ ቤተሰብ እስከ ዛሬ አልደረቀም። ደጃዝማች በላይ ዘለቀ፣ ጎጃም ላይ ጣሊያንን መድረሻ ያሳጡት ሰው፣ በዐመፅ ተከሰው በ1937 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ተሰቀሉ። ታከለ ወልደ ሐዋርያት ንጉሡ አገር ጥለው መሄዳቸውን አልተቀበሉም፣ ከድል በኋላም አቋማቸውን አልለወጡም። ደጋግመው ታሰሩ፤ በየመካከሉ እየተፈቱ ቢሾሙም አልበረዱም። በመጨረሻም በ1962 ዓ.ም. ሊይዟቸው ከመጡ የመንግሥት ሰዎች ጋር ተታኩሰው ሞቱ። የጃንሆይ አቋም ክብር የሚገባው ጽኑ ስለሆነ ከሆነ፣ የታከለም ያንኑ ያህል ጽኑ ነበር፤ በሚያዝያ 1928ቱ የመኳንንት ምክር ላይ ሲናገሩትም ከጥቂቶች አንዱ ሆነው ነበር። ለጣሊያን ወታደር የተገኘ ልበ ሰፊነት ለአገሩ ልጅ መታጣቱን ሳስብ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

ወገኖቼ፣ ይህን ሁሉ የማነሳው ስለ እኛም ስለ ስደተኞቹ ልናገር ስለምሻ ነው። በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ ከለንደን፣ ከዋሽንግተን፣ ከፍራንክፈርት የሚወጣው ድምፅ አገር ቤት ካለው ይልቅ ይከር ነበር። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ፕሪቶሪያ ላይ የተኩስ ማቆም ስምምነት ሲፈረም፣ በሁለቱም ወገን የፈረመውን ሰው ከሃዲ ያለ ብዙ ነበር። ከእነዚህ ብዙዎቹ ልጃቸው ምሽግ ውስጥ አልነበረም፤ ባንካቸው አልተዘጋም፣ ስልካቸው አልተቋረጠም፣ መድኃኒት አጥቶ የሞተ እናት በቤታቸው አልነበረም። ስምምነቱ ያልመለሰው ብዙ ነገር እንዳለ አውቃለሁ፤ ከዚያም ወዲህ በሌላ አቅጣጫ የሚፈሰውን ደም አውቃለሁ። የፈረሙትን ሰዎችም ከጠያቂ ነፃ ላወጣ አልፈልግም። የምለው ይህን ነው፦ «ይቁም» ያለውን መሪ ለመናቅ ከኛ ከሩቆቹ ይልቅ እናንተ መብቱ አላችሁ፤ ከእናንተም ቤቱ የተቃጠለበት ሰው ይበልጥ መብቱ አለው። እኛ ገንዘብ ልከን ቁጣም አብረን ስንልክ፣ ገንዘቡን ተቀብላችሁ ቁጣውን መርምሩት።

መሪዎቻችሁን በጦርነት ጊዜ ዝም ብላችሁ ተከተሉም አልላችሁም። የጥቁር አንበሳ ልጆች ዝም አላሉም። ብላታ ታከለም ዝም አላሉም። መሪው የማትወዱትን ሲናገር ከመሳደባችሁ በፊት ቤቱ ምን እንደጎደለ ጠይቁ፤ የተቃወመውን ሰው ደግሞ በነጋታው የት እንዳለ ጠይቁ። ሁለተኛውን ጥያቄ በይበልጥ አደራ እላለሁ፤ እኛ ከሩቅ ሆነን ብዙ ጊዜ የማናየው እሱን ነውና።

አንድ ልመናም አለኝ። በሚያዝያ 1933 መሣሪያ ይዘው ከዱር የገቡ አያት የነበሯችሁ፣ «ክፉን በክፉ አትመልሱ» የሚለው ትእዛዝ ሲደርሳቸው ቤት ውስጥ ምን እንዳሉ የሰማችሁ ካላችሁ ጻፉልኝ። ስለ ንጉሡ ቃል ብዙ ተጽፏል፤ ቃሉን ስለሰማው አርበኛ ልብ ግን እዚህ የምናገኘው ጥቂት ነው። ተበሳጭተው ከነበረም እንዳለ ጻፉት፤ አታለዝቡት። በሚቀጥለው ሚያዝያ ሽማግሌዎቹ ሲከራከሩ ላነብላቸው እፈልጋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
ወገናችሁ፣ ከለንደን