በሰኔና በመስከረም መካከል

የፎገራን ሜዳ በበጋ ብቻ የሚያውቅ መንገደኛ፣ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው አስፋልት ሲያልፍ ግራና ቀኙን ተመልክቶ፣ ሩዙ ታጭዶ ጓያውና ሽምብራው የበቀለበት፣ ከብቱም የተሰማራበት ያ ለጥ ያለ ምድር በክረምት ውሃ እንደሚውጠው ቢነግሩት ለማመን ይቸገር ይሆናል። ርብና ጉማራ ከጉና ተራራ የሰበሰቡትን ጎርፍ ይዘው ወደ ጣና ሲወርዱ፣ ናበጋን፣ ዋገጠራንና ሺናን የመሳሰሉት ቀበሌዎች አንዳንድ ዓመት ከወረታ ከተማ ተቆርጠው ደሴት ሆነው ይከርማሉ፤ በነሐሴ 1998 ዓ.ም. የደረሰው መጥለቅለቅማ በሺህ የሚቆጠር ሰው ከቀዬው ያፈናቀለ ነበር። ስለ ትምህርት ልጽፍ ተነሥቼ ከውሃ መጀመሬ ያለ ምክንያት አይደለም። የትምህርት ቤቶቻችን የዝውውርና የምዝገባ ወራት ከዚሁ ከጎርፉ ወራት ጋር ስለሚገጥም፣ ከአንዱ እርከን ወደ ሌላው የሚያልፍ ልጅ፣ ይልቁንም ማየት ወይም መስማት የተሳነው ወይም ትምህርት በዝግታ የሚገባው ልጅ፣ ጠባዩን የሚያውቁት ሰዎች ሁሉ በተበታተኑበትና መንገዱ በተዘጋበት ጊዜ ብቻውን እንዲሻገር ይገደዳል።

ሕግ አልጎደለንም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እነዚህን ልጆች ሳያስታውስ አላለፈም፤ በዚያው ዓመት በእስፓንያ ከተማ በሳላማንካ የተሰበሰቡት የ92 መንግሥታት መልእክተኞች ማንኛውም ሕፃን ከእኩዮቹ ጋር በአንድ ትምህርት ቤት ይማር ዘንድ ተስማምተዋል፤ የትምህርት ሚኒስቴርም ራሱን የቻለ የልዩ ፍላጎት ትምህርት ስትራቴጂ ያወጣው ያ ጎርፍ በመጣበት በ1998 ዓ.ም. ነው። ይሁን እንጂ በተግባር ሲደከም የምናየው ልጁን አንደኛ ክፍል ለማስገባት ነው፤ ከገባ በኋላ ያለው ነገር ለዕድሉ ይተዋል። በየዓመቱ የሚታተመውን የትምህርት አኃዝ የተመለከተ ሰው፣ በአንደኛ ደረጃ የተቆጠሩት እነዚሁ ልጆች ሁለተኛ ደረጃ ላይ ሲደርሱ ምን ያህል እንደሚመነምኑ ያያል። በ2015 ዓ.ም. የጸደቀው አዲሱ ፖሊሲ ደግሞ ትምህርቱን ስድስት፣ ሁለትና አራት አድርጎ ስለ ከፈለው፣ ቀድሞ በስምንተኛ ክፍል «ሚኒስትሪ» ብቻ የነበረው ፈተና አሁን በስድስተኛም ተጨምሮ መሻገሪያው ሁለት ሆኗል።

የማውቃት አንዲት መስማት የተሳናት ልጅ በቀበሌዋ ትምህርት ቤት እስከ ስድስተኛ ክፍል ስትማር፣ መምህሯ ከዓመታት ልምድ ያገኘው ዕውቀት ነበረው። ሰሌዳው ላይ እየጻፈ አይናገርም፤ የመስኮቱ ብርሃን ፊቱ ላይ በሚያርፍበት በኩል ያስቀምጣታል፤ «ገባሽ?» ብሎ ከቶ አይጠይቃትም፤ ይሉኝታ ይዟት ሁልጊዜ ራሷን በአዎንታ እንደምትነቀንቅ ያውቃልና፣ ጠመኔውን አስይዞ ሠርታ እንድታሳየው ያደርጋል። ልጅቱ ፈተናውን አለፈች፤ መሸኛዋንና ካርዷንም ይዛ ሄደች። በካርዱ ላይ የየትምህርቱ ውጤት፣ አማካዩ፣ ደረጃዋ፣ ጠባይዋ፣ የቀረችበት ቀን ቁጥርና የርእሰ መምህሩ ማኅተም ሰፍረዋል፤ ያ መምህር የሚያውቀው ነገር ግን አንዱም አልሰፈረበትም። በአዲሱ ትምህርት ቤት በየክፍለ ጊዜው የሚፈራረቁት መምህራን «ገባሽ?» ሲሏት ለሁሉም ራሷን ነቀነቀች። በኅዳር የሩዙ አጨዳ ሲደርስ ቀረች፤ በአጨዳ ወቅት የሚቀረው ልጅ ብዙ ስለ ሆነ፣ የእርሷን መቅረት ለይቶ የጠየቀ አልነበረም፤ አጨዳው አልቆ ሌሎቹ ሲመለሱ እርሷ አልተመለሰችም።

ፎገራ ካለበት ከዚሁ ከደቡብ ጎንደር ሳንወጣ የቤተ ክርስቲያኑን የአብነት ትምህርት ብናስተውል፣ ቤተ ልሔም ለድጓ፣ ዙር አምባ ለዝማሬና መዋሥዕት የምስክር ጉባኤ ሆነው ሲኖሩ፣ ተማሪው ከአንዱ መምህር ወደ ሌላው የሚያልፈው ከማን እንደ ተማረና ምን እንዳደረሰ በቃል ተጠይቆ፣ ተፈትኖም ነበር። ዐይነ ስውሩ ቃለ እግዚአብሔርን በጆሮው ተቀብሎ በልቡ እየጻፈ፣ በጓደኛው እየተመራ ከጉባኤ ወደ ጉባኤ ተሻግሮ ለመምህርነት ይበቃ ነበር። ነገሩን ለማስዋብ ስል እውነቱን አልሸሽግም፤ ያው ቤት ትምህርቱ ሁሉ በጆሮ ስለ ነበረ መስማት ለተሳነው አልተከፈተም። ቢሆንም ተቀባዩ መምህር የሚቀበለውን ሰው ሳያውቅ አይቀበልም ነበር፤ እኛ ዘንድ የጎደለው ይኸው ነው።

ዘጠነኛ ክፍል ሲደረስ ችግሩ ሌላ መልክ ይይዛል። የትምህርቱ ቋንቋ እንግሊዝኛ ይሆናል፤ የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚም ሆነ የብሬል መጽሐፍ ማግኘት ይብሳል። ከዚህም ሌላ የገጠሩ ልጅ ከሁለት ከሦስት ባልንጀሮቹ ጋር ወረታ ላይ አንዲት ክፍል ተከራይቶ፣ ቅዳሜ ሄዶ ስንቁን እያመጣ፣ ራሱ እያበሰለ መማር አለበት። ማየት የተሳናትን ልጁን ወደዚህ ኑሮ ለመስደድ የሚያመነታውን አባት «ኋላ ቀር» ብሎ የሚነቅፍ ሰው ይገጥመኛል፤ እኔ ግን አልፈርድበትም፤ ማታ ውሃ ልትቀዳ ስትወጣ ማን እንደሚመራት ቢጠይቅ የሚመልስለት መሥሪያ ቤት የለምና። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በክልላችን በአማራ በተነሣው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው በመክረማቸው ደግሞ፣ የሰኔና የመስከረም ርቀት ለአንዳንዱ ልጅ ዓመትና ከዚያ በላይ ሆኖ፣ ጠባዩን የሚያውቀው መምህርም ሌላ ቦታ ሄዷል።

ስለዚህ ዝውውሩ ግንቦት ሳይወጣ፣ መንገዱ ደረቅ ሳለ ይጀመር ነው የምለው። የቀድሞው መምህር ልጁንና ወላጁን ይዞ ወደ አዲሱ ትምህርት ቤት አንድ ቀን ይሂድ፤ ልጁ የሚቀመጥበትን ክፍል፣ መጸዳጃ ቤቱንና የሚያስተምሩትን ሰዎች ይወቅ፤ መምህሩም ልጁ እንዴት እንደሚማር የሚገልጽ አንድ ገጽ ጽፎ፣ ተቀባዩ ርእሰ መምህር ፈርሞበት ከመሸኛው ጋር ይያያዝ። ማየት የተሳናት ልጅ ወረታ ላይ ተከራይታ የምትኖርበትም ቤት ከነአብሮ አዳሪዎቿ ያን ጊዜ ቢታይ፣ አባቷ ክረምቱን የሚያስብበት ጊዜ ያገኛል። ይህን ሳነሣ ከሁሉ አስቀድሞ የሚሰማኝ መልስ በጀት የለም የሚል ነው፤ ለዚያ ለአንድ ቀን ጉዞ የሚከፈለውን የባጃጅ ሒሳብ ግን ለዐውደ ጥናት ከሚታደለው የውሎ አበል የአንድ ሰው፣ የአንድ ቀኑ ይሸፍነዋል።