የቆመ ቮልስ ስንት ያወጣል?

ማኅበራችን ከአባላቱ መዋጮ ወጪ አድርጎ በሸዋ ሮቢት በአንድ ጋራዥ ጓሮ ቆሞ የቀረውን ቮልስ ይግዛ፤ ተማሪዎች እያደሱ ይማሩበት፤ ሲያልቅም በትርፍ ይሸጥ የሚል ሐሳብ ቀርቧል። በበኩሌ ሐሳቡን እደግፋለሁ፤ «በትርፍ ይሸጥ» የምትለዋን ግን አልቀበልም። የዋጋው ግምት የተበላሸው በዚህች ቃል ምክንያት ነውና ጥቂት ልናገር።

ደጋፊዎቹ የሚያቀርቡት ምክንያት ይህ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ከሰባት ዓመት በላይ ባገለገሉ የቤት አውቶሞቢሎች ላይ እስከ 500 በመቶ ቀረጥ ደነገገ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። እንግዲህ አገር ውስጥ ያለ አሮጌ መኪና ሁሉ ወርቅ ነው ይሉናል። እርግጥ ነው፤ የሚሄድ መኪና ተወዷል። የማይሄደው ግን በሚሄደው ስም ሊሸጥልን አይገባም። ባለቤቱ ዋጋ ሲጠራ በዐይኑ የሚታየው በአዲስ አበባ ጎዳና አጊጦ የሚያልፈው ቮልስ ነው፤ እኛ የምንገዛው ዶሮ የምትፈለፍልበትን ነው። (ንጉሠ ነገሥቱ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከቤተ መንግሥት የተወሰዱት በቮልስ ነበርና፣ የቮልስ ሻጭ ታሪክም መርቆ ይሸጣል። ታሪክ ሞተር አያስነሣም።)

ሒሳቡ መሠራት ያለበት ከመጨረሻው ተነሥቶ ነው። ለምሳሌ ያህል መኪናው ታድሶ ሲያልቅ 400,000 ብር ያወጣል እንበል። የላሜራውንና የቀለሙን፣ የሞተሩን፣ የጎማውን፣ የኤሌክትሪኩን፣ የማጓጓዣውን ወጪ ስንደምር 300,000 ቢሆን፣ ላልታሰበው ደግሞ 60,000 ብንይዝ፣ የቀረው 40,000 ብር የመኪናው ዋጋ ነው። ሻጩ 150,000 ብሎ ብንከፍለው 110,000 ብር ከስረናል፤ የጉልበታችን ዋጋ ገና አልተቆጠረም። ይህ ገንዘብ ደግሞ ከምሳው ቆጥቦ የሚያዋጣ ተማሪ ገንዘብ ነው።

የይፋት ቆላ ለግምቱ የራሱ ጠባይ አለው። ደረቁ ሙቀት ለብረት ይራራል፤ ለላስቲክ አይራራም። እኛ ባለንበት በደብረ ብርሃን ዝናብና ውርጭ የቆመ መኪና ከሥሩ ይዝጋል፤ ሮቢት የቆመው ግን አካሉ ደኅና መስሎ የነዳጁ ቱቦ፣ የፍሬኑ ላስቲክ፣ የሽቦው ሽፋን ተሰነጣጥቆ ይገኛል። ስለዚህ ላሜራውን አይታችሁ አትደሰቱ። አስቀድማችሁ የኋላውን ወንበር አንሡ፤ የቮልስ ባትሪ ከዚያ ሥር ስለ ሆነ አሲዱ ወለሉን ይበላዋል፤ በካቻቢቴ ወጋ ወጋ አድርጉት። ከዚያ ቺንጋው የሚዞርበትን መዘውር ይዛችሁ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ሳቡት፤ ቋ ቋ ካለ የሞተሩ ውስጥ አልቋል። ይህ ሞተር የሚቀዘቅዘው በነፋስ እንጂ በውሃ አይደለምና፣ ነፋሱን የሚመሩት ቆርቆሮዎች ከጎደሉ ከሮቢት ተነሥቶ ደብረ ሲናን አልፎ ጣርማበር ሲደርስ፣ ከ1,500 ሜትር በላይ ሽቅብ ነው፣ ተቃጥሎ ይቀራል። በአይሱዙ ጭነን እናምጣው ካልን ደግሞ በሽንኩርት ወራት ከሽንኩርት ነጋዴ ጋር በኪራይ እንጫረታለን።

ከሁሉ በፊት ግን ሊብሬው። ከኋላው ወንበር ሥር የተቀረጸው የሻንሲ ቁጥር ከሊብሬው ካልገጠመ፣ ወይም ሊብሬው ጭራሹን ከሌለ፣ ነገሩ መኪና መሆኑ ቀርቶ ብረት ነው፤ ዋጋውም ምናለሽ ተራ በኪሎ የሚመዘነው ነው።

ታዲያ ለምን እደግፋለሁ? ለትምህርቱ ነው። ቮልስ ኮምፒዩተር የለበትም፤ ሁሉ ነገሩ በቁልፍ ተፈትቶ በእጅ ይያዛል። አንድ መምህራችን «የኤሌክትሪክ መኪና በመጣበት ዘመን ካርቡራተር ምን ያደርግላችኋል?» ብለው ጠይቀዋል፤ ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን ፍሬንና መሪ በኤሌክትሪኩም ላይ አሉ፤ የተሰነጣጠቀ ሽቦ ፈልጎ ማግኘትም ለሁሉም ይጠቅማል። እንግዲያው ወጪው መጽሐፍ እንደሚገዛበት ገንዘብ ተቈጥሮ ይመዝገብ፤ ለአባላቱም ትርፍ ተስፋ አይሰጣቸው።

ቅዳሜ ወደ ሮቢት የሚወርዱት ሁለቱ ልጆች ካቻቢቴና የእጅ ባትሪ ይዘው ይውረዱ፤ ገንዘቡን ግን እዚሁ ትተውት ይሂዱ።