ያላሳዩንን ፕላን ጣሳችሁ ይሉናል

በአዲስ አበባ አቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ ከግቢው በር ጎን ሱቅ የከፈተ፣ አንድ ክፍል የቀጠለ ወይም የብየዳ ማሽን ያስገባ ሰው ከደንብ አስከባሪ ጋር በተጋጨ ቁጥር ከቢሮ የሚሰጠው ማብራሪያ አንድ ነው፤ «ኅብረተሰቡ የግንዛቤ ችግር አለበት።» ከዚያ ስልጠና ይዘጋጃል፣ ባነር ይሰቀላል፣ ሻይ ይጠጣል። የማይሰቀለው ፕላኑ ብቻ ነው።

አባባሉ ተራ ሰበብ ቢሆን ኖሮ ሰምቶ ማለፍ ይቻል ነበር። ጥፋቱን ከሹሙ ጫንቃ አውርዶ ነዋሪው ላይ ስለሚጭን ግን መልስ ይገባዋል።

የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 ሁለት ነገር ይላል። ፕላን ከመጽደቁ በፊት ሕዝብ ይምከርበት፤ ያለ ፈቃድም ማንም አያልማ። የአቃቂ ሰው ሁለተኛውን ጠንቅቆ ያውቀዋል፤ አፍራሽ ግብረ ኃይል በሩ ድረስ ይዞለት ይመጣልና። የመጀመሪያውን የነገረው የለም።

አንዲት እናት ካርታቸውን በፌስታል ጠቅልለው ወደ ቢሮው መስኮት ቀረቡ እንበል። ካርታው ላይ የይዞታው ስፋት በካሬ ሜትር፣ አገልግሎቱም «መኖሪያ» ተብሎ ሰፍሯል። ሁለት ክፍል ሠርተው ለማከራየት የግንባታ ፈቃድ ይጠይቃሉ። መሃንዲሱ ኮምፒውተሩን አየት ያደርግና «እማማ፣ ቦታው መንገድ ይነካዋል» ይላቸዋል። የትኛው መንገድ? ስንት ሜትር? መቼ? ስክሪኑ ወደ እሳቸው አይዞርም። ከግቢው ሲወጡ ግን አንድ ደላላ መንገዱ በየትኛው አጥር በኩል እንደሚያልፍ፣ የእሳቸውን ቤት ስንት ክንድ እንደሚቆርጥና ቦታው «ሳይነቃበት» ስንት እንደሚያወጣ ይነግራቸዋል። የቦታው ባለቤት የማያውቁትን ደላላ የሚያውቀው ስልጠና ወስዶ ይመስላችኋል?

ለመሆኑ አቃቂን እንዲህ የደበላለቃት ማን ነው? ባቡሩ በዚህ አለፈ፤ ጨርቃ ጨርቁና ብረታ ብረቱ የባቡሩን ሐዲድና የወንዙን ዳር ተከትለው ተተከሉ። ወዛደሩም የሌሊት ፈረቃ ጨርሶ በእግሩ የሚገባበት ጎጆ ከፋብሪካው አጠገብ ቀለሰ። ሌላ የት ሊሄድ? ቆይቶ መንግሥት ራሱ በገላን፣ በቱሉ ዲምቱና በቂሊንጦ ኮንዶሚኒየም ገነባ፤ ቂሊንጦ ላይም ለመድኃኒት አምራቾች የኢንዱስትሪ ፓርክ አቋቋመ። የከተማው ፍሳሽ በዋናነት የሚጣራው ቃሊቲ ነው። አዲስ አበባ ከምትጠጣው ውሃ ጉልህ ክፍል የሚቀዳው ደግሞ ከአቃቂ ጥልቅ ጉድጓዶች ነው። ቆሻሻውም፣ ፋብሪካውም፣ የመጠጥ ውሃውም አንድ አካባቢ! ይህ ሁሉ ማኅተም ያረፈበት ውሳኔ እንጂ የጨረቃ ቤት ሠሪ ሥራ አይደለም። የግንዛቤ ችግር አለባት የተባለችው ግን በረንዳዋን ኪዮስክ ያደረገችው ባልቴት ናት።

ሥርዓት ይቅር እያልኩ አይደለም። ሌሊቱን ሙሉ ብረት የሚቆርጥ ጎረቤት ሕፃን አያስተኛም፤ ጋራዥ መሬት ላይ የሚያፈሰው ዘይትም ያው የምንጠጣበትን ምድር ያበላሻል። ችግሩ ሕጋችን ከጉዳቱ ይልቅ ለካርታው ቀለም መጨነቁ ነው። ጃፓን ለመላው አገሪቱ 13 ዓይነት የመሬት አጠቃቀም ቀጣና አላት። ሰላማዊ በሆነው የመኖሪያ ቀጣና ውስጥ እንኳ፣ ልኩ ከተጠበቀ፣ ቤትና ትንሽ ሱቅ አንድ ጣሪያ ሥር ይፈቀዳሉ፤ የሚያስጮህና የሚያሸት ሥራ ግን እንደ ጉዳቱ መጠን ይርቃል። የቶኪዮ ነዋሪ ሰፈሩ በየትኛው ቀጣና እንደሚገኝ ለማወቅ የማንንም ስክሪን አይለምንም። እኛ ዘንድ ልብስ ሰፊዋና ብረት አቅላጩ «መኖሪያ» ላይ ከተገኙ ወንጀላቸው እኩል ነው።

ፕላንን የባለሙያ ምስጢር ማድረግ ምን እንደሚያስከፍል አገሩ ሁሉ አይቷል። አዲስ አበባንና በዙሪያዋ የነበረውን የኦሮሚያ ልዩ ዞን ያጣምራል የተባለው ማስተር ፕላን በ2006 ዓ.ም. ይፋ ሲሆን፣ መሬቱ የሚነካበት ገበሬ በቅጡ አልተጠየቀም ነበር። ተቃውሞ ተነሣ፣ የሰው ሕይወት ጠፋ፣ ፕላኑም በጥር 2008 ተሰረዘ። አቃቂ ቃሊቲ ከኦሮሚያ ጋር አጥር ለአጥር የምትዋሰን በመሆኗ ይህን ለመርሳት የመጨረሻዋ ክፍለ ከተማ መሆን ነበረባት።

በ2009 ዓ.ም. የጀመረው የከተማዋ መዋቅራዊ ፕላን ዕድሜው 10 ዓመት ነው፤ ስለዚህ ተተኪው መምጣቱ አይቀርም። ረቂቁ በየወረዳው ጽሕፈት ቤት ግድግዳ ላይ፣ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ፣ የየሰፈሩ ስም ተጽፎበት ይሰቀል። «መንገድ ይነካዋል» የተባለ ሰው የመንገዱን ስፋትና የሚሠራበትን ዓመት ተፈርሞበት በወረቀት ይቀበል። መኖሪያ ውስጥ የሚፈቀደውና የማይፈቀደው ሥራ በአንድ ገጽ ተዘርዝሮ ለየቤቱ ይታደል። ለስልጠና ሻይና አበል የሚወጣው ገንዘብ ለኅትመቱ ይዋል። እናንተም እስከዚያው «የግንዛቤ ችግር አለባችሁ» የሚላችሁ ሹም ሲመጣ፣ መጀመሪያ ፕላኑን አሳየን በሉት።