አባትህን እስከ ምረቃ ቀን አታቆየው

ወንድሜ ተማሪ፤ እኅቴ ተማሪ፤ አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። አባታችሁና እናታችሁ የምትማሩበትን ግቢ አይተውት ያውቃሉን? አብዛኞቻችን «ስመረቅ ያዩታል» ብለን እንመልሳለን። እኔም እንዲሁ እል ነበር። ይህ መልስ ግን በውስጡ የተደበቀ ነውር አለበት፤ ነውሩንም በራሴ ጀምሬ ልናገር።

እኔ የቀወት ልጅ ነኝ። ቤታችን ከሸዋ ሮቢት ከተማ ወጣ ብሎ በሮቢ ወንዝ አጠገብ ነው። አባቴ ማሾና ሽንኩርት ያመርታል፤ ለእኔ የሚላከውም ገንዘብ ከዚያው ይገኛል። ከሸዋ ሮቢት እስከ ደብረ ብርሃን ያለው መንገድ 95 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው። ነገር ግን በዚህ መንገድ ሰው 1,280 ሜትር ገደማ ከፍታ ካለው ቆላ ተነሥቶ፤ ደብረ ሲናን አልፎ፤ የጣርማ በርን ዳገት ወጥቶ፤ በጣሊያን ወረራ ዘመን የተቦረቦረውን 587 ሜትር ዋሻ ሰንጥቆ፤ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ካለው ደጋ ላይ ይደርሳል። ለቆለኛው ሰው ይህ ሌላ አገር ነው።

አንደኛ ዓመት ሳለሁ፤ መንገዱም ሰላም በነበረበት ጊዜ፤ በየካቲት የሴሚስተር ዕረፍት አባቴ ደውሎ «ከተማውንም ግቢህንም ልናይ እንመጣለን» አለኝ። ደስ ሊለኝ ሲገባ ደነገጥሁ። ምክንያቱን አልደብቅም፤ ያፈርሁት በአባቴ ሽርጥ ነበር። «ብርዱ ይጎዳችኋል፤ ለምረቃ ብትመጡ ይሻላል» አልሁት። እሱም «አንተ የቻልኸው ብርድ እኔን ያቅተኛል?» ብሎ ስልኩን ዘጋ።

በማግሥቱ ረፋድ ላይ አባቴ፤ እናቴና ስምንተኛ ክፍል የነበረችው ታናሽ እኅቴ ከመናኸሪያው ወረዱ። አባቴ ከሽርጡ በላይ ጋቢ ደርቦ ነበር፤ እናቴ በዘንቢል ፓፓያ ይዛለች። በዚያች ሰዓት ሁለት የክፍል ጓደኞቼ ሲያልፉ ሰላም አልኋቸው፤ አጠገቤ የቆመው ሰው አባቴ መሆኑን ግን አልነገርኋቸውም። አባቴ አየ፤ ምንም አልተናገረም። ከዚያን ቀን ወዲህ ስንት ጊዜ ትዝ እንዳለኝ እኔ አውቃለሁ።

ከዚያ በኋላ ከተማውን ዞርን። እናቴ በደብረ ብርሃን የተሠራ ብርድ ልብስ ገዛችልኝ፤ ለቆላ ቤቷ የማይፈለገውን ዕቃ ከቆላ ባመጣችው ገንዘብ ከፈለችበት። አባቴ ስለ ከተማው ስም ጠየቀኝ። ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው ምዕተ ዓመት ከሰማይ ብርሃን በመታየቱ ቦታውን ደብረ ብርሃን ማሰኘታቸውን፤ አንዳንድ ሊቃውንትም ያ ብርሃን በ1456 እ.ኤ.አ. የታየው ሃሌይ የሚባለው ጅራታም ኮከብ ሳይሆን አይቀርም ማለታቸውን፤ ይህም ኮከብ በ76 ዓመት ገደማ አንድ ጊዜ እንደሚመለስና በ2061 እ.ኤ.አ. እንደሚጠበቅ ነገርሁት። ጥቂት አሰበና «እንግዲያው እኔ አልደርስበትም፤ አንተ ጠብቀህ ለልጆችህ አሳያቸው» አለኝ። ካነበብሁት ሁሉ ለአባቴ የነገርሁት የመጀመሪያው ነገር ይህ ነበር። መስማት እንደሚወድ እንኳ እስከዚያ ቀን አላውቅም ነበር።

ከሰዓት በኋላ ወደ ግቢ ገባን። በቤተ መጻሕፍቱ ለዕረፍት ያልሄዱ ሴቶች ልጆች ተቀምጠው ያነባሉ። እኅቴ ቆማ አየቻቸውና «እነዚህ የማን ልጆች ናቸው?» ብላ ጠየቀችኝ። «አብዛኞቹ እንዳንቺ የገበሬ ልጆች ናቸው» አልኋት። አባቴ ይሰማ ነበር። በዚያ ሰሞን አንድ ደላላ ልጅቱን ወደ ዓረብ አገር ልላክላችሁ እያለ ቤታችን ይመላለስ እንደ ነበር፤ አባቴም በግማሽ ልቡ እሺ ብሎ እንደ ነበር የሰማሁት ኋላ ነው። ከይፋት ቆላ በዚህ መንገድ ስንት እኅት እንደ ሄደች የአገሬ ሰው ያውቃል። አባቴ ቤቱ ሲመለስ ደላላውን «ትምህርቷን ትጨርስ» ብሎ አሰናበተው። ያች አንድ ቀን ብቻዋን ይህን አደረገች አልልም፤ ሆኖም የገበሬ ልጅ እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጣ በዓይኑ ያየባት ቀን ናት። እኅቴ ዛሬ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ናት።

እንግዲህ ነገሬ ይህ ነው። ከእኛ በፊት የነበሩት ተማሪዎች ወደ ሕዝቡ መውረድን ያውቁ ነበር። በ1957 ዓ.ም. በተጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተማሪው አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ ያገለግል ነበር፤ በ1967 ዓ.ም. በዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ዘመቱ። ሕዝቡ ግን ወደ ተማሪው የወጣው መቼ ነው? ገበሬው ልጁን ይልካል፤ ማሾውን ሸጦ ይከፍላል፤ በመጨረሻም ጥቁር ካባ ለብሶ ቆሞ የሚነሣ ፎቶግራፍ ይቀበላል። የምረቃ ቀን የተፈጸመውን ያሳያል፤ ሥራው እንዴት እንደሚሠራ አያሳይም። ለታናሽ እኅትህም ዘግይቶ ይደርሳል።

«ገበሬው ጊዜ የለውም፤ ገንዘቡም አይበቃም» የሚል ይኖራል። የካቲት አዝመራ ከተሰበሰበ በኋላ ነው፤ የአንድ ቀን መጓጓዣም ለምረቃ ድግስ ከምናስወጣው ገንዘብ ያንሳል። «መንገዱ ይዘጋል» ለሚልም መልሴ አጭር ነው፤ በተዘጋ ቀን ማንም አይውጣ፤ በተከፈተ ቀን ግን ነገ አንበል። አገሩ ሩቅ ለሆነበት ተማሪ ደግሞ ጎንደር ጥሩ ምሳሌ አለው፤ በ2012 ዓ.ም. ገደማ በተጀመረው የቃል ኪዳን ቤተሰብ የከተማው ነዋሪ ከሩቅ የመጣውን ተማሪ እንደ ልጁ ተቀብሏል።

ስለዚህ ማኅበራችን በሴሚስተር ዕረፍት አንድ የወላጆች ቀን እንዲያዘጋጅ እጠይቃለሁ። ንግግር አይብዛበት። ተማሪዎች የየአገራቸውን ሰዎች በአማርኛ፤ በአርጎብኛ፤ በኦሮምኛና በአፋርኛ እየመሩ ያሳዩ። ገበሬው የማሾውን ነቀዝ በአጉሊ መነጽር ይይ፤ እኛም እሱ ስለ ነቀዙ የሚያውቀውን እንስማ።

ይህን ሁሉ ማኅበሩ እስኪያደርገው ግን አንተ አትጠብቅ። ዛሬ ማታ ደውልና ጥራቸው። ከመናኸሪያው ሲወርዱም ጓደኞችህ ቢያልፉ፤ እኔ ያላልሁትን አንተ በል፤ «አባቴ ነው» በላቸው።