ጣል፣ ታል፣ ዳል

ለበዓል አንኮበር፣ ጎረቤላ፣ እናቴ ዘንድ ሄጄ ነበር። ማታ ምድጃው ዳር እናቴ ጥጥ ትፈትላለች፤ የእህቴ ልጅ ደግሞ ስልኳን ጭኗ ላይ አድርጋ ኮሪያኛ ታጠናለች። ስልኩ «ጣል» ይላል፣ እሷም ትደግማለች። እናቴ እንዝርቷን ገታ አድርጋ «ምኑን ነው ጣል የሚልሽ?» አለቻት።

«ሴት ልጅ ማለት ነው እኮ፣ እምዬ።»

ቀጥሎ «ታል» አለ፤ ጭምብል ማለት ነው። ከዚያም «ዳል» የሚመስል ድምፅ መጣ፤ ጨረቃ። ማብራሪያው በእንግሊዝኛ ነው፤ እንደ መጀመሪያው ያለ ድምፅ በእንግሊዝኛ ስለሌለ ጉሮሮን ጠበቅ አድርጎ መለማመድ ያሻል ይላል። እንግሊዝኛ የሚባል የማታውቀው እናቴ ግን ሦስቱንም አከታትላ አለቻቸው። ለምን አይሆንላት? ደን፣ ተን እና ጠን ለይታ ነው አፏን የፈታችው። እርግጥ የኮሪያኛው ጠባቂ ድምፅ ቁርጥ የኛ ጠ አይደለም፤ የኛው ይፈነዳል፣ የእነሱ ጠብቆ ይቀራል። ቢሆንም ሦስቱን መለየት የለመደ ጆሮ ደን እና ተን ብቻ ከሚያውቅ ጆሮ ይልቅ መንገዱን አጋምሷል።

ከዚያች ማታ ወዲህ ነገሩ ከልቤ አልወጣም።

ነፃ ትምህርት ሞልቷል። የንጉሥ ሴጆንግ ተቋም በኢንተርኔት ያለ ክፍያ ያስተምራል። የቶፒክ፣ ማለትም የኮሪያኛ ችሎታ መመዘኛ፣ ያለፉ ፈተናዎች ከነድምፃቸው ይወርዳሉ። ዱኦሊንጎም አለ። የእህቴ ልጅ ደብረ ብርሃን ስትሄድ ዋይፋይ ካለበት ቁጭ ብላ የሳምንቱን ታወርዳለች፤ ፓኬጅ ለሚገዛ ተማሪ ነፃ የሚባለውም ዋጋ አለው። የምትመኘው የኮሪያ መንግሥት የሚሰጠውን የነፃ ትምህርት ዕድል ነው። ዕድሉን ያገኘ ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ ዲግሪውን ከመጀመሩ በፊት አንድ ዓመት ቋንቋውን ይማራል፣ ቶፒክ 3ኛ ደረጃም ይጠበቅበታል።

ስልኳ ላይ ያለው ሁሉ ግን የሚያስረዳት በእንግሊዝኛ ነው። ይህ ያሳዝነኛል፤ ቅርቡን መንገድ ትታ እንድትዞር ያደርጋታልና። «ውሃ እጠጣለሁ» ለማለት ኮሪያዊው «ቾንን ሙርል ማሾዮ» ይላል፦ እኔ፣ ውሃን፣ እጠጣለሁ። ግሡ እንደኛው መጨረሻ ላይ ነው፤ «ውሃን» ላይ ያለችው የኛ «ን» እንኳ እዚያ አቻ አላት። እንግሊዝኛ ተናጋሪውን የሚያስቸግረው አንዱ አናባቢያቸው ለኛ ሳድስ ይቀርባል። ታናሽ እህት ታላቋን በስሟ አትጠራም፣ «ኦኒ» ትላለች። ይህን ለማስረዳት እንግሊዝኛው ገጽ ሙሉ ይጽፋል። እትዬ እና ጋሼ እያለች ላደገች የአንኮበር ልጅ አንድ መስመር በበቃት ነበር።

ለተከታይ በሚያነበው ቋንቋ ማስረዳት አዲስ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1839 ጀርመናዊው ሚስዮናዊ ኢዘንበርግ ከባልደረባው ክራፕፍ ጋር ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ መናገሻ፣ እዚያው አንኮበር መጣ። በ1841 የአማርኛ መዝገበ ቃላት፣ በ1842 ደግሞ ሰዋስው ለንደን ላይ አሳተመ፤ ማብራሪያውንም የጻፈው ከኋላው የሚመጡት በሚያነቡት በእንግሊዝኛ ነበር። እኛስ ከኮሪያ ጋር ከተዋወቅን፣ ከ1943 ዓ.ም. የቃኘው ሻለቃ የኮሪያ ዘመቻ ወዲህ፣ 70 ዓመት አልፏል። ሴኡል ተምረው የተመለሱ ልጆች አሉን። ከእነሱ የምለምነው ትልቅ መጽሐፍ አይደለም፤ በአማርኛ የሚያስረዳ፣ አሥር አሥር ደቂቃ የሚሆን፣ በደካማ ኔትወርክም የሚወርድ የድምፅ ትምህርት ነው። የጀመሩ ካሉም ይበርቱ።

በማግስቱ ልጅቷ ደብተሯ ላይ ሦስቱን የኮሪያ ፊደላት ጽፋ በየጎናቸው ደ፣ ተ፣ ጠ አኖረች። ገጹን ፎቶ አንስቼ ይዤዋለሁ። ትምህርቱን የሚያዘጋጅ ሰው ሳገኝ የመጀመሪያውን ክፍል ከዚያ እንዲጀምር እሰጠዋለሁ።